ወዶ ነው የሸጠው?

በገበያችን ውስጥ ክርክርን ሁሉ የምትዘጋ አንዲት አጭር ንግግር አለች፤ «ወዶ ነው» የምትል። አከራይ የቤት ኪራይ በአንድ ጊዜ እጥፍ ሲያደርግ «ካልተስማማው ይልቀቅ፤ ከተቀመጠ ወዶ ነው» ይላል። አሠሪ የቀን ሠራተኛውን ከጧት እስከ ማታ አሠርቶ ለልጆቹ እራት በማይበቃ ገንዘብ ሲያሰናብተው «በዚህ ዋጋ ተስማምቶ ነው የገባው» ይላል። ነጋዴም በነሐሴ ወር የችግረኛን በሬ በርካሽ ገዝቶ እየነዳ ሲሄድ «እኔ መች አስገደድኩት? ወዶ ነው የሸጠው» ይላል። ካፒታሊዝም የሚባለው ሥርዐት ሲወደስ የሚሰማው ትልቁ ውዳሴም ይኸው ነው። በዚህ ሥርዐት ማንም ማንንም አያስገድድም፤ ሻጭና ገዥ የሚገበያዩት ሁለቱም ስለሚጠቀሙ ነው፤ ባይጠቀሙ ኖሮ ባልተገበያዩ ነበር ይባላል።

ይህን አባባል በቀላሉ ልንንቀው አይገባም። ንግድን አላህ (ሱ.ወ.) ሐላል አድርጎልናል፤ የንግድም መሠረቱ የሁለቱ ወገኖች መፈቃቀድ መሆኑን ቁርኣን አስተምሮናል። አባቶቻችንም በንግድ የኖሩ ናቸው። በብዙ የሰሜን አውራጃዎች ሙስሊሙ የርስት መሬት ባለቤት እንዲሆን ስላልተፈቀደለት ኑሮውን የሚገፋው በንግድ፣ በሽመናና በልዩ ልዩ የእጅ ሥራ ነበር። ስለዚህ ነጋዴን ሁሉ ቀማኛ አድርጎ የሚስል ጽሑፍ ከእኔ አትጠብቁ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። «ወዶ ነው» የምትለው ቃል እውነት የምትሆነው መቼ ነው?

በመድረሳ የፊቅህ ኪታብ የቀራ ደረሳ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሰይፍ አንገቱ ላይ ተደርጎ ያለ አግባብ ንብረቱን የሸጠ ሰው በብዙኃኑ ሊቃውንት ዘንድ ሽያጩ አይጸናም። ቃዲው ገንዘቡን ለገዥው፣ ንብረቱን ለባለቤቱ ያስመልሳል። መፈቃቀድ የለበትማ! ታዲያ አንገቱ ላይ ያለው ሰይፍ ሳይሆን ረኃብ ቢሆንስ? የልጆቹ ለቅሶ ቢሆንስ?

ቀደምት ሊቃውንት ይህን ጥያቄ ሳያነሱት አላለፉም። የተቸገረን ሰው ሽያጭ የሚከለክል አንድ ሐዲስ በአቡ ዳውድ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ሰነዱ ደካማ መሆኑን የሐዲስ ሰዎች ተናግረዋል፤ ሆኖም በሒጅራ አራተኛው ምዕተ ዓመት የኖሩት ኢማም አል-ኸጧቢ ትርጉሙን ሲያብራሩ ነገሩን በሁለት ከፍለው አይተውታል። አንደኛው በኃይል ተገዶ የሚሸጥ ሰው ነው፤ የእርሱ ሽያጭ ፈራሽ ነው። ሁለተኛው ዕዳ ወይም ችግር አስጨንቆት በእጁ ያለውን በርካሽ የሚሸጥ ነው። ለዚህ ሰው በዲንም በሰውነት ወግም የሚገባው ሊያበድሩት፣ ጊዜ ሊሰጡት፣ ሊረዱት እንጂ በችግሩ ሊጠቀሙበት አይደለም ይላሉ። ነገር ግን ከሸጠ ሽያጩ ይጸናል፤ ሊቃውንት ቢጠሉትም ቃዲ አያፈርሰውም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የተጠላው ሽያጭ ስለ ምን ይጸናል? እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ግልጽ ነው። የድኻ ሽያጭ ሁሉ የሚፈርስ ቢሆን ኖሮ ከድኻ የሚገዛ ሰው አይገኝም ነበር፤ ያን ጊዜ ድኻው ከነበሬው በረኃብ ያልቃል። ቃዲው የሚያየው ሁለት ሰዎች ተስማምተው የፈጸሙትን ውል ነው። ያንን ሰው ወደ ገበያ የነዳውን ችግር ውሉ አያሳየውም። ስለዚህ በሽታው ከሽያጩ በፊት ያለ ነው ማለት ነው፤ መድኃኒቱም ከሽያጩ በፊት መገኘት አለበት። ሰው «አልሸጥም» ለማለት የሚችልበት አቅም ይዞ ወደ ገበያ እንዲመጣ ማድረግ የቃዲ ሥራ ሊሆን አይችልም። የማኅበረሰቡ፣ የአገሩ ሥራ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። የ1965ቱ ረኃብ ሲደርስ አልተወለድኩም፤ ታላላቆቻችን ግን ዘመን ሲቆጥሩ «ከዚያ በፊት» እና «ከዚያ በኋላ» እያሉ ነው። ብዙ ሰው ያ ረኃብ የመጣው በአገሩ እህል ስለጠፋ ብቻ ይመስለዋል። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ስለ ድህነትና ረኃብ በሚናገር መጽሐፋቸው የወሎን ረኃብ መርምረው የሚያስደነግጥ ነገር አሳይተዋል። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ በጠቅላላው የእህል ምርት ያን ያህል አልቀነሰም ነበር። በወሎ ዝናብ ጠፍቶ ሰብሉ ከሸ፤ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ግን የሚጠበቀውን ያህል አልናረም። ይባስ ብሎ ሰው ከሚሞትበት ከወሎ እህል እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይሄድ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ትል ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። የወሎ ገበሬ ሰብሉ ሲጠፋ የጠፋው የሚበላው ብቻ አልነበረም። ሸጦ ገንዘብ የሚያገኝበትም አብሮ ጠፋ። ገንዘብ የሌለው ሰው ደግሞ በገበያ ቋንቋ ፈላጊ አይባልም። የቱንም ያህል ቢራብ ገበያው እንደ ሌለ ይቆጥረዋል። ፈላጊ ካልተገኘ ዋጋ አይወደድም፤ ዋጋ ካልተወደደ ነጋዴ እህል አያመጣም፤ እንዲያውም ያለውን ገንዘብ ወዳለበት ከተማ ይወስዳል። ነጋዴው ሰይፍ አልመዘዘም። እያንዳንዱ ግብይት ለብቻው ሲታይ በመፈቃቀድ የተደረገ ነው። ፍጻሜው ግን በየመንገዱ የወደቀ ሬሳ ሆነ።

በዚህ ላይ «ያ ዘመን የባላባት እንጂ የካፒታሊዝም አልነበረም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ጭሰኛው ከሚያመርተው ላይ ለባለ መሬቱ ይሰፍር ስለነበር ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው አልነበረውም። ነገር ግን እህሉ ይመላለስ የነበረው በነጻ ገበያ ነው። የአፋሩን ወንድማችንንም ሁኔታ እንመልከት። አፋሩ በበጋ ከብቱን ይዞ የሚወርድበት የአዋሽ ዳር ግጦሽ በዚያን ዘመን ለጥጥና ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ተወስዶበት ነበር። በተንዳሆ የነበረው ትልቁ የጥጥ እርሻ ሚቸል ኮትስ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ድርሻ ያለበት ነበር። ድርቁ ሲመጣ አፋሩ የሚሸሽበት ሣር አጣ፤ ከብቱ ከሳ፤ ለገበያ ያቀረበው ከብት የሚያወጣለት እህል ከዕለት ወደ ዕለት አነሰ። እርሻው ጥጥ አምርቶ ትርፍ አግኝቷል፤ በሒሳብ መዝገብ ላይ ልማት ነው። የአፋሩ ከብት በየትኛው መዝገብ ይጻፋል?

ይህ የመጥፎ ዘመን ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን። የካፒታሊዝም አባት የሚባለው አዳም ስሚዝ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1776 በታተመው ትልቅ መጽሐፉ ውስጥ ስለ አሠሪና ሠራተኛ ክርክር ሲጽፍ ይህንኑ ተናግሯል። ባለ ሀብቱ አንድም ሠራተኛ ሳይቀጥር ዓመት ሁለት ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ግን ያለ ሥራ ሳምንት እንኳ አይዘልቁም የሚል ነው ሐሳቡ። እንግዲህ አንዱ ዓመት፣ አንዱ ሳምንት ሊታገሡ የሚችሉ ሁለት ሰዎች ለድርድር ሲቀመጡ ማን እንደሚያሸንፍ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። ለስሚዝ ስም የሚምሉ ሰዎች ይህን ቦታ ሲያነቡ ገጹን ቶሎ የሚገለብጡት ይመስለኛል።

ሶሻሊዝም የሚባለውን ሐሳብ ከነጓዙ ሳይሆን ከሥሩ ካየነው መልስ ለመስጠት የተነሣው ለዚህ ጥያቄ ነው። ሕይወት የቆመችበት ነገር፣ ማለትም ምግብ፣ ውኃ፣ መጠለያ፣ ሕክምና፣ የሚሠሩበት መሬት ለጥቂቶች ትርፍ ብቻ ሊተው አይገባም፤ የጋራ ነውና በጋራ ይጠበቅ ይላል። ይህ ሲሆን ድኻው ወደ ገበያ የሚመጣው አንገቱን ደፍቶ አይሆንም። በማሃራሽትራ የሆነውን ላንሳ። ይህ የሕንድ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973፣ ልክ ወሎ ስታልቅ በነበረበት ጊዜ፣ በከባድ ድርቅ ተመትቶ ነበር። ምርቱ ክፉኛ ወደቀ። ነገር ግን መንግሥት ለተቸገረ ሁሉ በመንገድና በግድብ ሥራ ላይ የቀን ሥራ ከፈተ፤ ድርቁ በበረታበት ወቅት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በዚህ ሥራ ላይ ነበር። ሰው ደመወዝ በእጁ ስለያዘ ፈላጊ ሆነ፤ ፈላጊ በመኖሩም እህል ወደዚያ ሄደ፤ እንደ ወሎ ያለ እልቂት አልደረሰም። በአገራችንም በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት የተመሠረተው በዚህ ዓይነት ሐሳብ ላይ ነው፤ ብዙ ጉድለት ቢኖርበትም የስንቱን ሰው በሬ ከሽያጭ አድኗል።

ከሙስሊሞች መካከል ሶሻሊዝም የሚለውን ስም ሲሰሙ የሚያማትቡ ባይኖሩም «አዑዙ ቢላህ» የሚሉ አሉ። የካርል ማርክስን ክህደት ከፍትሕ ጥያቄው ጋር አንድ ላይ ጠቅልለው ይጥሉታል። ክህደቱን እኔም እጥላለሁ። ጥያቄው ግን የማርክስ አይደለም፤ ከእርሱ በፊት ከሺህ ዓመት በላይ በእኛ ኪታቦች ውስጥ ነበር። አብየድ ኢብኑ ሐማል የሚባል ሰው በመእሪብ ያለውን ጨው ለራሱ እንዲሰጡት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠይቆ ሰጥተውት ነበር። ቀጥሎ ጨው የሚገኝበት ቦታ እንደማይቋረጥ ውኃ መሆኑን፣ የመጣ ሁሉ ያለ ድካም የሚያገኘው መሆኑን ሲነገራቸው መልሰው ወሰዱት። ሰዎች በውኃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸውንም አስተምረዋል። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) የኢራቅን ለም መሬት ለወታደሮቹ እንዲያከፋፍሉ ሲወተወቱ እምቢ ብለው ኋላ ለሚመጣው ትውልድ የጋራ ገቢ አድርገው አቆይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1959 ሶሪያዊው ሊቅ ሙስጠፋ አስ-ሲባዒ ስለ እስልምና ሶሻሊዝም መጽሐፍ ሲጽፉ ብዙዎች በስሙ ተቆጥተው ነበር። ስሙን ማንም እንደፈለገ ይጥራው። የመእሪብን ጨው ነገር ግን ከኪታቡ ፍቆ ማውጣት የሚቻል አይመስለኝም።

ዘካ እያለ ሌላ ምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ከደረሶቼ መካከል አንዱ አንሥቶልኝ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዘካ የድኻ ሐቅ ነው፤ ሀብታም ሲያሰኘው የሚሰጠው ምጽዋት አይደለም። ለዚህም ነው አቡ በክር (ረ.ዐ.) ዘካ አንሰጥም ያሉትን የተዋጉት። ይህ ራሱ የሚያሳየን የድኻው ኑሮ በባለ ሀብቱ ደግነት ላይ እንዲንጠለጠል አለመፈቀዱን ነው። ነገር ግን ዘካ ዓመቱን ጠብቆ ይወጣል፤ በሬው የተሸጠው በነሐሴ ነው። የበሬውን ትርፍ ያገኘው ሰው ከዓመት በኋላ ከአርባ አንዱን ቢሰጥ፣ አላህ ይቀበለው፣ በሬው ግን አይመለስም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ ማለቴ ነው።

አሁን ወደሚከብደው ነገር ልምጣ፤ ምክንያቱም እኛ ሶሻሊዝምን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የምናውቀው። ቤታችን ድረስ መጥቶ ኖሮብን ሄዷል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ እስከ 10 ሄክታር የሚደርስ መሬት ሊያገኝ እንደሚችል ደነገገ። ለዘመናት ርስት የተከለከለው ሙስሊም ገበሬም ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎረቤቱ እኩል ባለ መሬት ተባለ። ይህን ውለታ መካድ ተገቢ አይደለም፤ አባቶቻችን ያን ቀን ያለቀሱት የደስታ ለቅሶ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን ትርፍ የከተማ ቤቶች ተወርሰው የድኻው ኪራይ ተቀነሰ።

ከዚያ በኋላ ግን ምን ሆነ? የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን የሚባለው የመንግሥት ድርጅት ገበሬው ምርቱን በኮታ፣ እርሱ በቆረጠው ዋጋ እንዲያስረክብ አደረገ። በየመንገዱ ኬላ ተተከለ፤ እህል ከአውራጃ ወደ አውራጃ እንደ ልብ እንዳይሄድ ተከለከለ። ኮታው ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክብ ነበር። እስቲ አስተውሉ! ከባላባቱ እጅ የወጣው ገበሬ «አልሸጥም» ለማለት አሁንም አልቻለም፤ እንዲያውም በዚህ ጊዜ ገዥው ጠመንጃም ነበረው። የ1965ቱን ረኃብ ደበቀ ተብሎ ንጉሡ የተወቀሰበት መንግሥት በ1977 መስከረም፣ ወሎና ትግራይ እየረገፉ ሳለ፣ የዐሥረኛ ዓመት በዓሉን በአዲስ አበባ በድምቀት ያከብር ነበር። ድርቁ ብቻ አይደለም የገደለው፤ ጦርነቱም፣ ኮታውም፣ ኬላውም አብረው ገድለዋል። በ1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ራሱ ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ ኮታውን ሲያነሣ ዘመኑ አልፎበት ነበር።

ስለዚህ ደርግን አይቶ «ሶሻሊዝም ይህ ነው» የሚለውን ሰው አልወቅሰውም። ሆኖም ያ መከራ የመጣው መሬት ለአራሹ ስለተሰጠ ነው ወይስ አራሹ በምርቱ ላይ ያለው ቃል ስለተወሰደበት? እኔ ሁለተኛው ነው እላለሁ። ሊቃውንቶቻችንም ይህን ለይተውታል። በመዲና ዋጋ ሲወደድ ሶሓቦች ዋጋ እንዲተምኑላቸው ቢጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እምቢ ብለዋል፤ ማንንም በገንዘቡ መበደል አልፈለጉምና። ኢብኑ ተይሚያ ግን ስለ ሒስባ በጻፉት ኪታብ ትመና ሁለት ዓይነት መሆኑን አብራርተዋል። ሰዎችን ያለ አግባብ በማይወዱት ዋጋ እንዲሸጡ ማስገደድ ሐራም ነው። ሕዝብ ተቸግሮ ሳለ እህሉን የያዘውን ሰው በተገቢ ዋጋ እንዲሸጥ ማስገደድ ግን ፍትሕ ነው። የእርሻ ሰብል ኮታ ከመጀመሪያው ይመደባል፤ በክፉ ቀን እህል የሚያደብቀውን ማስወጣት ከሁለተኛው። የደርግ ሰዎች ሁለቱን አንድ አደረጉ፤ የዛሬዎቹ የነጻ ገበያ ሰባኪዎችም እንዲሁ አንድ ያደርጓቸዋል። እነዚያ ሁለቱንም ፈቀዱ፤ እነዚህ ሁለቱንም ይከለክላሉ።

ዛሬ ያለነው በነጻ ገበያ ስብከት ዘመን ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዘይቱንም የመድኃኒቱንም ዋጋ እያንዳንዳችሁ ቤት ታውቁታላችሁ፤ ቁጥር መዘርዘር አያስፈልገኝም። የሚገርመኝ ሰው ሁሉ ምርጫው ሁለት ብቻ የሚመስለው መሆኑ ነው፤ ወይ ነጋዴ፣ ወይ ካድሬ። በወሎ ገጠር ቅሬ አለ። ለቀብር፣ ለሐዘን፣ ለክፉ ቀን የሚረዳዳ የመንደር ማኅበር ነው፤ ሊቀመንበሩን አባላቱ ይመርጡታል፣ ካጠፋም ይሽሩታል። አንዳንድ ሰፈር በመኸር እህል አዋጥቶ በነሐሴ ለተቸገረው አባል ማበደር፣ በታኅሣሥ ያው የተሰፈረለትን ያህል ያለ ወለድ መቀበል የተለመደ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። በነሐሴ እህል ውድ፣ በሬ ርካሽ ነው፤ በታኅሣሥ ይገለበጣል። አምስት ወር የሚያሻግረው እህል ያገኘ ገበሬ በሬውን አይነዳም። የጎተራው ቁልፍ ደግሞ በነጋዴው እጅም በካድሬው እጅም አይደለም፤ በሚያውቃቸው በጎረቤቶቹ እጅ ነው። እኔ ሶሻሊዝም ስል በልቤ ያለው ከዚህ የሚቀርብ ነው። ቅሬ ግን ሆስፒታል አይሠራም፤ የአፋርን ግጦሽ ከትልቅ ኩባንያ አያስጥልም። ለዚያ መንግሥት ያስፈልጋል፤ መንግሥትንም እንደ ቅሬው ሊቀመንበር መሻር ካልተቻለ ወደ 1977 እንመለሳለን።

የከተማው ነገር ይበልጥ ያስቸግራል፤ ተከራይ የሚያስቀምጠው ጎተራም በሬም የለውም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆንና አከራይ በየጊዜው እንዳሻው እንዳይጨምር ደንግጓል። ከደረሶቼ የአንዱ አባት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ሽማግሌ፣ አከራያቸው ጭማሪ ሲጠይቃቸው የወረዳውን ማኅተም ያለበት ውል አሳይተው እንደመለሱት ነገሩኝ። «በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አከራይን አይሆንም አልኩት» አሉኝ። ሁለቱ ዓመት ሲያልቅስ ምን ሊያደርጉ ነው ብላቸው ሳቁና «ኡስታዝ፣ እሱን ያን ጊዜ እንነጋገራለን» አሉ።